ከመወለዴ በፊት የተላኩ መልእክቶች

ከዚያ እሑድ በፊት ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ «ከማሽን ጋር ነው የምውለው» ብዬ ነበር የምመልሰው። ውሸት አልነበረም። ካምፓላ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ ባለ አንድ ጎማ አስመጪ ድርጅት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። የመጋዘኑ ሰርቨር ሲታመም፣ የሱቆቹ ኮምፒውተሮች እምቢ ሲሉ፣ ፕሪንተሮቹ ወረቀት ሲያኝኩ የምጠራው እኔ ነኝ። አሁን ግን ያንን መልስ ትቼዋለሁ። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ።

ሀያት እባላለሁ፤ የጅማ ልጅ ነኝ። ወደ ካምፓላ የመጣሁት ለትምህርት ነበር። ከተመረቅኩም በኋላ የተማሪነት ሰፈሬን ዋንዴገያን አልለቀቅኩም፤ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ፣ እራቴን ከታች ካለው ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ፣ ሻጭ ገዝቼ እወጣለሁ፣ በሬን እቆልፋለሁ። በዚያ ሰሞን ሥራው ሰልችቶኝ ነበር። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን መኖሬን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ግን ሁሉም ስሜን ይጠራል። የልጅነት ጓደኛዬ ጅማ ውስጥ የልብስ ሱቅ አብረን እንክፈት ስትለኝ እሺ ብያት፣ ለአሠሪዬ የምነግርበትን ቀን ብቻ እየጠበቅኩ ነበር።

አሠሪዬ ሐጂ ሰይድ ይባላሉ። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፤ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ኮምቦልቻ ናቸው፤ እሳቸው እዚህ አንድ ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከእኔ ጋር ከሰላምታና ከሥራ ያለፈ ወሬ አውርተን አናውቅም። ሰው ተጨንቆ ቢሯቸው ሲገባ «አብሽር» ይሉታል፣ እንደ ወሎ ሰው። ከዚያ ውጭ ስለ ራሳቸው አንድም ነገር ሲናገሩ አልሰማሁም።

ሰርቨሩ የተቀመጠበትን ክፍል ማወቅ አለባችሁ። መጋዘኑ ከእኛ በፊት የዓሣ ነጋዴዎች ነበር። ከግቢው መጨረሻ፣ ከጎማው ክምር ጀርባ፣ ዓሣ ያቀዘቅዙበት የነበረ መስኮት የሌለው ክፍል አለ። ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የተሞላ ነው፤ በሩም እንደ ትልቅ ፍሪጅ በር ከውጭ በብረት እጀታ ይዘጋል። ከውስጥ የነበረው መክፈቻ ከተሰበረ ቆይቷል። ወደዚያ የሚገባ ሁሉ በሩን በአሮጌ ጎማ አስደግፎ ነው የሚገባው። ሰርቨሩን እዚያ ያደረግነው አቧራ ስለማይገባው ነበር። ኤሲ አስገጠምንለት፤ ለኔትወርክ ገመድም ከግድግዳው ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ በሳንለት።

ሁልጊዜ እዚያ ድረስ መመላለሱ ስላታከተኝ ለሰርቨሩ ሪሞት ካርድ እንዲገዛልኝ ጠየቅኩ። ካርዷ ሰርቨሩ ውስጥ የምትቀመጥ፣ የራሷ የኔትወርክ አድራሻና የራሷ ሰዓት ያላት ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ሰርቨሩ ቢጠፋ እንኳ ኤሌክትሪክ እስካላት ድረስ እሷ ነቅታ ትጠብቃለች። በእሷ በኩል ቤቴ ሆኜ ሰርቨሩን ማጥፋት፣ ማብራት፣ የክፍሉን ሙቀት ማየት እችላለሁ። ሐጂ ግን አልተዋጠላቸውም። ማሽን የሚጠብቅ ሌላ ማሽን መግዛት ምን ይሉታል አሉኝ። ወደ ክፍሉ ወስጄ ከሰርቨሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች አሳየኋቸው። አንዱ ቢነቀል ሰርቨሩ በሌላው መሥራቱን ይቀጥላል።

«ሐጂ፣ ካርዷ ብትኖር ግን አንዱን ገመድ ሰው ሲነቅለው እኔ ዋንዴገያ አልጋዬ ላይ ሆኜ አውቃለሁ» አልኳቸው።

ገመዶቹን ጥቂት ተመልክተው «እሺ፣ ይገዛ» አሉና ወጡ።

ዓርብ ዕለት ካርዷን ገጠምኩ። የኔትወርክ አድራሻዋን ሰጠኋት፤ ወደ ውጭ የምትወጣበትን መስመር አስተካከልኩ፤ አንድ ነገር ሲፈጠር ለእኔ ኢሜይል እንድትልክ አደረግኩ። የቀረው ሰዓቷ ነበር። እንዲህ ያለች ካርድ ሰዓቷን ከኢንተርኔት ላይ ከሰዓት ሰርቨር እየወሰደች ራሷን እንድታስተካክል ነው የሚደረገው። እሱን ልሞላ ስል የኢንተርኔት መስመሩ ተቋረጠ። እስኪመለስ ብጠብቅ መሸ። ለጊዜው ሰዓቷን በእጄ ሞልቼ፣ ሰኞ ልጨርሰው ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ተመለሰ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄን አድርቄ ስልኬን ሳነሳ ያልተነበቡ ኢሜይሎች ቁጥር ጨምሯል፤ ስከፍተው ግን ከላይ አዲስ ነገር የለም። ስልኬ ነው የተበላሸው ብዬ ወደ ልብሴ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቼ ባየው ቁጥሩ ይበልጥ ጨምሯል፤ ከላይ አሁንም ምንም የለም። ግራ ገባኝና በጣቴ እየገፋሁ ወደ ታች፣ እስከ መጨረሻው ወረድኩ። እዚያ ታች፣ ከሁሉም በፊት እንደመጡ ሆነው፣ ከካርዷ የተላኩ መልእክቶች ተደርድረዋል። የተጻፈባቸው ዓመት በፈረንጆች 1970 ነው፤ እናቴ ራሷ ገና ልጅ የነበረችበት ዘመን።

ሳቅኩ። ነገሩ ገብቶኛል። መብራት ሲጠፋ ካርዷ በእጄ የሞላሁላትን ሰዓት ረስታለች፤ ስትነሳ ደግሞ ኮምፒውተሮች ዘመን መቁጠር የሚጀምሩበትን ቀን ይዛ ተነሳች። መልእክቶቹ «ሁለተኛው የኃይል ገመድ ተቋርጧል»፣ «ሁለተኛው የኃይል ገመድ ተመልሷል» ነው የሚሉት። በመብራቱ መጥፋትና መምጣት የተፈጠሩ መሰሉኝ። እንዲያውም ልተዋቸው ነበር። ግን የተሳሳተ ሰዓት ያለው ማሽን እያወቅኩ መተው አልወድም። ልብሴን ሳሙናው ውስጥ ዘፍዝፌ ትቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

የካርዷ ገጽ ውስጥ ገባሁ። የሰዓት ሰርቨሩን አድራሻ ጻፍኩ፤ የሰዓት ክልሉን ምሥራቅ አፍሪካ አደረግኩ፤ አስቀመጥኩት። ጥቂት አሰብ አድርጋ ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት ያዘች። ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ስልኬ ጮኸ። ኢሜይል ነው፤ አሁን ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ሁለተኛው የኃይል ገመድ ተቋርጧል ይላል። የተላከው በዚያችው ደቂቃ ነው።

ወዲያው ተመልሷል የሚል ተከተለው። ከዚያ ተቋርጧል። ተመልሷል። አንዴ ደግሞ። ከዚያ ዝም።

መጀመሪያ ገመዱ ላልቶ ይሆናል አልኩ። ነገር ግን የላላ ገመድ እንዲህ ሦስት ሦስት ጊዜ እየቆጠረ አያርፍም። መብራቱ እየተቆራረጠ ነው እንዳልል፣ ያን ጊዜ ሁለቱም ገመዶች አብረው ነበር የሚቋረጡት፤ አንደኛው ግን ንቅንቅ አላለም። ወደ ታች ተመልሼ 1970 የሚሉትን መልእክቶች አየኋቸው። እነሱም ሦስት ሦስት ናቸው። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። የክፍሉን ሙቀት ከፈትኩ። ሰውነት ከሚችለው በላይ እየሆነ ነበር፤ ኤሲው ከመብራቱ ጋር ጠፍቶ አልተነሳም።

ሰው አለ አልኩ ለራሴ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አለ፤ ገመዱን እየነቀለ እየጠራኝ ነው። ገመዱ ሲነቀል እንደማውቅ የነገርኩት ደግሞ በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ሐጂ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋግሜ ሞከርኩ። የጥበቃው ስልክ የለኝምና ሥራ አስኪያጃችን ጀማል ጋ ደወልኩ። ጀማል የሐጂ የእህት ልጅ ነው። ሠርግ ተጠርቶ ጂንጃ ነበር፤ ከጀርባው የሙዚቃ ድምፅ ይሰማኛል። የሆነውን ስነግረው አላመነኝም፤ ሐጂ እሑድ እሑድ ቤታቸው ተኝተው እንደሚውሉ ነገረኝ። እሱም ጥበቃው ጋ ደውሎ ስልኩ ዝግ ሆነበት። ክፍሉ እንዲቀዘቅዝ ሰርቨሩን ላጠፋው ነው ስለው ግን ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ናካሴሮ ያለው ሱቅ እየሸጠ ነው፣ በአንድ ኢሜይል ተነስተሽ ሥራ እንዳታቆሚ፣ እኔ እስክመጣ ጠብቂ አለኝ። ከጂንጃ ካምፓላ ደግሞ ቅርብ መንገድ አይደለም።

ስልኩን ዘግቼ ማያ ገጹ ላይ አፈጠጥኩ። በዚህ መሀል ካርዷ ያላት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብዙ ሰርቨር ባለበት አዳራሽ ቴክኒሻኑ የትኛው እንደሆነ እንዳይሳሳት፣ ከሩቅ ሆነው የሚያበሯት ሰማያዊ መብራት አለች፤ ሰርቨሩ ፊትና ጀርባ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። አበራኋት። ጠበቅኩ። ምንም የለም። አጠፋኋትና እንደገና አበራኋት።

ስልኬ ጮኸ። ተቋርጧል። ተመልሷል። ተቋርጧል። ተመልሷል። ዝም። ሁለቴ አበራሁ፣ ሁለቴ ነቀሉ።

ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ጀማል ያለውን ተውኩና ሰርቨሩን አጠፋሁት። ሙቀቱን የሚተፋው እሱ ነው። ካርዷ ግን ነቅታለች፤ ሰማያዊዋን መብራት እንደበራች ተውኳት፤ የሰርቨሩ ድምፅ ጠፍቶ ክፍሉ ጭር ሲል ሄደች ብለው እንዳያስቡ።

በቤት ልብሴ ላይ ሻሽ ጣል አድርጌ ሮጬ ወረድኩና ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ያዝኩ። ሞተረኛው ፊቴን አይቶ ዋጋም አልተከራከረም። እሑድ ስለሆነ መንገዱ ክፍት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ጂንጃ መንገድ ላይ ስንደርስ ግን መኪናው ተደርድሮ ቆሟል። በመኪኖቹ መሀል እየተሽሎከለከለ፣ አንዳንዴም የእግረኛው መንገድ ላይ እየወጣ ወሰደኝ። በአንድ እጄ እሱን፣ በሌላው ስልኬን ይዣለሁ። ካርዷ ጋ በስልኬ መግባት አልቻልኩም፤ የምጠብቀው ኢሜይሉን ብቻ ነው። ኢሜይሉ ደግሞ ቀርቷል። ዋንዴገያ ሳለሁ ደጋግሞ ያስደነገጠኝን ያንን ድምፅ አሁን ምነው በመጣ እላለሁ። አልመጣም።

የመጋዘኑ ግቢ በር ላይ ጥበቃው ኦኬሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሮሌክሱን ይበላል። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። የሐጂ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል። ኦኬሎ ረጋ ብሎ ሐጂ ከቀትር በፊት እንደመጡ፣ ቢሯቸው ውስጥ ተኝተው እንደሚሆን፣ እሑድ ማንም እንዳይገባ እንደታዘዘ ነገረኝ። ሐጂ አልተኙም፣ የዓሣው ክፍል ተዘግቶባቸዋል አልኩት። ሮሌክሱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ።

ክፍሉ ጋ ስንደርስ መደገፊያው ጎማ ወደ ጎን ተንከባሎ ወድቋል፤ በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ኦኬሎ የብረቱን እጀታ ይዞ ሳበ። እጀታው ዞረ፣ በሩ ግን አልከፈት አለ። በሩ ተወርውሮ ሲዘጋ መቀርቀሪያው ከቦታው ወልቆ ተቀርቅሯል። ኦኬሎ የጎማ መፈልቀቂያ ብረት ሊያመጣ ወደ መጋዘኑ ሮጠ። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ አፌን ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ አደረግኩ።

«ሐጂ! ሀያት ነኝ። ይሰሙኛል?»

ዝም። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ትንፋሽ የሚመስል ነገር ሰማሁ።

«ሀያት» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። «መብራቷን ያበራሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አሁን እንከፍተዋለን። ትንሽ ከበሩ ይራቁልኝ።»

«መነሳት አቃተኝ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

«አብሽሩ ሐጂ» አልኳቸው። ቃሏን ከእሳቸው ነበር የለመድኳት፤ ለእሳቸው እላለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«አውሪኝ። ዝም አትበይ» አሉኝ።

ምን ላውራ? ስንት ጊዜ አብረን ሠርተን ወሬ የለንም። ልብሴን ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፌ ትቼ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ያጣኋቸው መሰለኝ።

«ነጭ ነው የቀለም ልብስ?» አሉ።

«የቀለም ነው ሐጂ።»

«ይለቃል እኮ ታዲያ።»

ስለ ልብሱ ቀለም፣ ስለ ሳሙናው ዓይነት፣ ስለ ጅማ ዝናብ፣ የመጣልኝን ሁሉ በዚያች ቀዳዳ አወራኋቸው። ኦኬሎ ብረቱን በበሩ ጠርዝ አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ይጫናል፤ እኔም አፌን ከቀዳዳው ሳላርቅ በአንድ እጄ እረዳዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር ቋ አለና በሩ ተላቀቀ። ሙቀቱ ከምድጃ እንደሚወጣ ወላፈን ፊታችንን መታን።

ሐጂ ሰርቨሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው ከሰውነታቸው ጋር ተጣብቋል፤ ዓይናቸው እኔን እያየ አያየኝም። ቀኝ እጃቸው ገመዱን እንደያዘ ነው። ተሸክመን ወደ ደጅ አወጣናቸው። ሸሚዛቸውን ስፈታ ከኪሳቸው የኢንሱሊን መርፌ ወደቀ። እኔና ኦኬሎ ተያየን። ስኳር እንዳለባቸው ማናችንም አናውቅም ነበር። ጠዋት ወግተው፣ ምሳቸውን ግን ሳይበሉ ስለተዘጋባቸው ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ኦኬሎ ከበሩ የራሱን ሶዳ አምጥቶ ራሳቸውን ቀና አድርጎ ያዘልኝ፤ እኔ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አጠጣኋቸው። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ተመለሰ። ከዚያ በራሳቸው መኪና ናካሴሮ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናቸው።

ማታ ጀማል የሠርጉን ልብስ እንደለበሰ ክሊኒኩ ደረሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሐጂን እግር ያዘ። ስለ ሰርቨሩም፣ ስለ ሱቁም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሆነውን ሐጂ በማግስቱ ነገሩኝ። መብራት ጠፍቶ መምጣቱን ሰምተው ሰርቨሩ ደህና መነሳቱን ለማየት ነበር የገቡት። ስልካቸውን ቢሯቸው ውስጥ ቻርጅ ላይ ትተውታል። ጎማው ተንሸራቶ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ጮኹ፣ በሩን ደበደቡ፤ ያ ወፍራም ግድግዳ ድምፃቸውን በላው። ከዚያ ያልኳቸው ነገር ትዝ አላቸው።

«መንቀል ጀመርኩ» አሉኝ። «ሰው መልስ ሳይሰጥህ መንቀል ከባድ ነው። እየቆየ የማደርገው ነገር የእብድ ሥራ መሰለኝ። ሁለቱንም ነቅዬ ከሙቀቱ እንዳልገላገል ደግሞ ድምፄ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። መብራቷ ስትበራ ግን ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ብሞትም ብቻዬን አልነበርኩም።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ከኮምቦልቻ ደውለው አናገሩኝ። ሐጂ እሑድ እሑድ እንደማይደውሉ፣ ቤተሰቡም ተኝተዋል ብሎ እንደማይደውል እያለቀሱ ነገሩኝ። እዚህ ያሉት የሐጂ ጓደኞች ደግሞ ከጀማል ጋር ሠርግ ሄደዋል ብለው ነበር። ሁሉም ሐጂ የሆነ ቦታ ናቸው ብሎ አስቧል፤ የትም አለመኖራቸውን ያወቀ ሰው አልነበረም። ባለቤታቸውም ስለ ስኳሩ ያወቁት ያን ዕለት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ወይዘሮ ዘይነባ ጠቅልለው ካምፓላ ገቡ። ክፍሉ አሁን ሌላ በር አለው፤ ከውስጥም ከውጭም በሕፃን እጅ የሚከፈት።

እኔም ጅማ አልሄድኩም። ጓደኛዬ ተቀየመችኝ፤ በኋላ ነገሩን ስትሰማ ይቅር አለችኝ። ደመወዝ ስለተጨመረልኝ ወይም ስለተመሰገንኩ አይደለም የቀረሁት። አድራሻ፣ መስመር፣ ሰዓት እያልኩ የምሞላቸው ባዶ ሳጥኖች መጨረሻ ላይ ገመድ የያዘ የሰው እጅ እንዳለ ካየሁ በኋላ ሥራው ሌላ ሥራ ሆነብኝ። ከማሽን ጋር ነው የምውለው ማለት የተውኩትም ለዚያ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ በሰው አገር በአንድ ክፍል የምትኖሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ ዛሬ ከቀትር በፊት የሆነ በር ቢዘጋባችሁ፣ ሳይመሽ የሚፈልጋችሁ ማነው? እኔ ያን ሳምንት ይህን ጥያቄ ለራሴ አቅርቤ መልስ አጣሁ። ጀማል አርፍዳ ይሆናል ይላል፤ እናቴ ሥራ በዝቶባት ነው ትላለች።

ስለዚህ አንድ ማታ ከሥራ ስገባ በሬን ከመክፈቴ በፊት አጠገቤ ያለውን በር አንኳኳሁ። ጎረቤቴ ከፍታ ወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ በደረጃው ላይ ሰላምታ ስንለዋወጥ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ፕሮሲ ትባላለች፤ ነርስ ናት። የመጣሁበትን ስነግራት አልሳቀችም። የክፍሌን ትርፍ ቁልፍ ሰጠኋት። ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ ጥቂት ካየችው በኋላ፣ ጠብቂኝ ብላኝ ወደ ውስጥ ገባችና የራሷን ይዛልኝ ወጣች።